በእናቴ ፈንታ ሰላምታ የመለስኩበት ጠዋት

የእናቴ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ሁለት ጊዜ ተላልፎ ነበር። የሁለቱም ጊዜ ምክንያት አንድ ነው፤ ክሊኒኩ ውስጥ ሲለካ የደም ግፊቷ ከፍ ይላል፣ ሐኪሙም በዚህ ግፊት ዓይን አልነካም ይላል። አርባ ምንጭ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ያስተማረች ሴት ዳዊቷን የሚያነብላት ጎረቤት ትጠብቅ ጀመር። በቃሏ ስለምታውቀው ደግሞ አንባቢውን በየመስመሩ ታርማለች። ሁለት ወር ሳይሞላ አንባቢ ጠፋ።

ቤት ያለን የግፊት መለኪያ ግን ሌላ ነገር ነው የሚናገረው። የላይኛውን ቁጥር ክሊኒኩ መቶ ሰባ ሲል እሱ መቶ ሠላሳ ስድስት ይላል። ጠዋትና ማታ እየለካሁ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ከመዝገብ ቤት ሥራ በጡረታ የተገለሉት ጎረቤታችን ደብተሩን አገላብጠው፣ የቻይና ማሽን ገዢውን ለማስደሰት ዝቅ አድርጎ ነው የሚናገረው አሉኝ። ሰፈሩ ሁሉ በዚህ ተስማማ። እኔ ሰው ሁሉ የተስማማበትን ነገር መጠርጠር ስለምወድ፣ ያለ አንዳች ማስረጃ ከማሽኑ ጎን ቆምኩ። ሰፈሩ ማሽኑን አምኖ ቢሆን ኖሮ ለክሊኒኩ እወግን ነበር።

ለሦስተኛው ቀጠሮ ማሽኑን በፌስታል ይዤ ሄድኩ።

ነርሷ ደጋ ካለው ከገረሴ የመጣች ናት፤ እናቴ አስተምራታለች። የመለኪያውን ጨርቅ በእናቴ ክንድ ላይ ጠቅልላ መንፋት ስትጀምር፣ እናቴ ገረሴ ስላሉት ወላጆቿ፣ ስለ ገብሱ፣ አዲስ ስላገባው ወንድሟ ትጠይቃታለች። በሩ ክፍት ነው። ዘበኛው ብቅ ብሎ "ቲቸር፣ እንዴት አደሩ?" ይላል። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ትከተላለች፣ ከዚያ የጽዳቷ። ግማሹ ክሊኒክ የእሷ ተማሪ ነው። ለሁሉም፣ ክንዷ እንደታሰረ፣ የልጆቻቸውን ጤና ሳይቀር ጠይቃ ትመልሳለች።

መቶ ስድሳ ስምንት። ነርሷ ራሷን ነቀነቀች።

ያኔ ገባኝ፤ ግፊቷን ከፍ የሚያደርገው ወሬው ነው። ቤት ስለካት ብቻችንን ነን፤ እኔ ደግሞ ወሬ የሚያምርብኝ ሰው አይደለሁም። ነርሷን፣ እናቴ ዝም ብላ ትቀመጥና በእጅ በሚነፋውም በእኔ ማሽንም ለኪልኝ ብዬ ለመንኳት። እሺ አለች። እሺ ያላለችው እናቴ ናት።

"ሰው ሰላም ሲለኝ አፌን ልዝጋ? ሞራው ዓይኔን ጋረደው እንጂ አስተዳደጌን አልጋረደውም።"

"እንግዲያው በሩን ልዝጋ።"

"ዝጋውና ጠናባት ብለው ይሰብሰቡልህ።"

ስለዚህ ወንበር ስቤ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። መንገድ ላይ ሰው እንዳያገኘኝ የምሻገር ሰውዬ፣ በእናቴ ፈንታ ሰላምታ መመለስ ያዝኩ። ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናንተስ፣ ልጆቹስ። ጫኖ ቀበሌ ሙዝ የሚያለማ አንድ የቀድሞ ተማሪዋ ስለ መስኖው ውሃ የጀመረውን ወሬ እስኪጨርስ አንገቴን እየነቀነቅኩ ሰማሁት። ከኋላዬ ድምፅ የለም።

ነርሷ በእጅ ለካች፤ ትንሽ አሳርፋት በማሽኑ ለካች፤ እንደገና አሳርፋ ሁለቱንም ደገመች። በእጅ መቶ ሠላሳ ስምንት፣ በማሽኑ መቶ ሠላሳ ስድስት፤ ሲደገምም ከዚያ አልራቀም። ሐኪሙ ተጠርቶ መጣ፣ ቁጥሮቹንና ደብተሬን ጎን ለጎን አየ፣ ነገ ጠዋት እንድትገባ ነገራት። ባጃጁ ውስጥ ማሽኑን እንደ ዋንጫ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ተመለስኩ። ለጎረቤታችንም ቁጥሮቹን ሁለት ጊዜ ነገርኳቸው። ሁለተኛው አያስፈልግም ነበር።

ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ። በማግስቱ እዚያው ክፍል ውስጥ ያችው ነርስ ፋሻውን አነሳችላት። እናቴ ዓይኗን ጨፈን ከፈት አድርጋ፣ እኔን ሳይሆን ከፊቷ ያለውን ግድግዳ አየች። ትልልቅ ፊደል የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፎበታል። ክፍል ውስጥ በምታነብበት ድምፅ አነበበችው፦

"የደም ግፊት ሲለካ ማውራት ክልክል ነው።"

ነርሷ አቀረቀረች። እዚያ ክፍል ሦስት ጊዜ ተቀምጬ ሁለቱን ጊዜ መጽሐፍ እያነበብኩ የጠበቅኩት እኔም አቀረቀርኩ።

"እዚህ ቤት ማንበብ የሚችል ሰው አልነበረም?" አለች እናቴ። መልሳችንን ሳትጠብቅም ስለ ክትባት ወደሚናገረው ቀጣዩ ወረቀት አለፈች።