ቆዳና አባላዘር በአንድ ታፔላ

ጉዲቱ ባሏን ጫምሳን የምትጠረጥረው ስለባለገ አይደለም፤ ስላልባለገ ነው። "እንዲህ የጨዋ ጨዋ ወንድ የለም፤ አንድ የደበቀው ነገር ቢኖር ነው" ትላለች። ጫምሳ አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ የስፌት ማሽን ይጠግናል። ስንት መቶ ሴት መሃል ውሎ ሲገባ፣ ከእራቱ በፊት ሸሚዙ ለጉዲቱ አፍንጫ ይቀርባል።

የጫምሳ ጣጣ ግን ጀርባው ላይ ነበር። በሁለት ትከሻው መሃል ለውዝ የምታህል እብጠት በቀለችበት። ጉዲቱ "ብጉንጅ ናት" ብላ በሁለት አውራ ጣቷ ትጨምቃታለች፤ ትፈርጣለች፤ በወሯ ተመልሳ ቁጭ። ሶደሬ ፍል ውሃ ተነከረ፤ ተመለሰች። ሰፈር ክሊኒክ በምላጭ ተከፈተች፤ ተመለሰች። በመጨረሻ የክሊኒኩ ነርስ "ይሄ የቆዳ ስፔሻሊስት ይፈልጋል" አለችው።

ለሚስቱ ሳይነግር ሄደ። ለምን ቢሉ፣ ታፔላውን አንብቦ ነዋ! "የቆዳና የአባላዘር በሽታዎች ስፔሻሊስት" ይላል። ግራ ቀኝ አይቶ ሹልክ ሲል፣ ጎረቤታቸው ፎዚያ ባጃጅ ውስጥ ሆና አየችው። ፎዚያ ካየች አዳማ አየ ማለት ነው።

"ጉዲቱ እህቴ፣ እኔ ምንም አላልኩም። ታፔላው ነው ያለው።"

ጉዲቱ ሱቋን ጥርቅም አድርጋ በረረች። ያንገበገባት በሽታው አይደለም፤ ሰጪዋ ናት። ሳታንኳኳ ስትገባ፣ ጫምሳ ሸሚዙን አውልቆ በደረቱ ተኝቷል፤ አንዲት ቆንጆ ጀርባውን ትዳብሳለች።

"ይቺ ናት?"

"ዶክተር ሶረቲ እባላለሁ" አለች ቆንጆዋ። "ባለቤቱ ነዎት? ጥሩ መጡ። ይሄ ብጉንጅ አይደለም። ከሥሩ ከረጢት አለው፤ ከረጢቱ እስካለ ቢፈርጥም ተመልሶ ይሞላል። አሁን ተቆጥቷል፤ ሲበርድለት ከነከረጢቱ አወጣዋለሁ። ግን እንዲህ የሚጨምቀው ማነው?"

ጉዲቱ ሁለት አውራ ጣቷን መዳፏ ውስጥ ደበቀች።

"እኔው ነኝ" አለ ጫምሳ።

ዶክተሯ ጀርባውን አየች፣ እጁን አየች። "በየትኛው እጅዎ?"

ጉዲቱ አሥራ ሁለት ዓመት ስታድነው የኖረችውን ውሸት በገዛ ጆሮዋ ያዘችው፤ የተዋሸው ግን ለእሷው ሲባል ሆኖ ተገኘ። በምን ትቆጣ?

"የምጨምቀው እኔ ነኝ" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

"ከእንግዲህ እንዳይነኩት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ይምጣ።"

"ብቻውን ይመጣል፤ አምነዋለሁ" አለች ጉዲቱ። ከዚያ የዶክተሯን ጣቶች አየት አደረገችና፣ "እኔ እዚህ በሩ ጋ ቁጭ እላለሁ።"