በሁዳዴ የነጠረው ቅቤ

የልጅ ልጄ ባለፈው ሰሞን ከአየር ጤና ፋርማሲ አንድ ብልቃጥ ይዞልኝ መጣ። ለጉልበቴ መሆኑ ነው። ክዳኑን ከፍቼ ባሸተው እርድ ነው፤ ያ ዕድሜ ልኬን በአልጫ ስበላው የኖርኩት እርድ፣ የውጭ አገር ስም ወጥቶለት፣ እንክብል ሆኖ ቁጭ ብሏል። ልጁ ወረቀቱን ዘርግቶ «እማማ፣ ቁንዶ በርበሬ ተጨምሮበታል፤ ከቅባት ጋር ካልተወሰደ አይሠራም ይላል» ብሎ እንደ አዲስ ወሬ ሲያነብልኝ መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ግን ክዳኑን መልሼ ገጠምኩት። ይህን ነገር እኔ ከወረቀቱ በፊት፣ በጣሊያን ጊዜ፣ በሰባት ዓመቴ፣ እዚሁ ኮልፌ ሰምቼዋለሁ።

ያን ጊዜ ኮልፌ እንዲህ ታክሲ የሚጋፋበት ሰፈር አልነበረም። ባሕር ዛፍ፣ የገብስ ማሳ፣ እዚህም እዚያም የሣር ክዳን ቤት ነበር፤ ጎረቤትም የጎረቤቱን ጓዳ የሚያውቀው በምግቡ ሽታ ነበር። አባቴ ዘምቶ አልተመለሰም። እናቴ ከጦርነቱ በፊት ከተማ ውስጥ በአንድ ህንዳዊ ነጋዴ ሱቅ ቅመም ለቃሚ ነበረች፤ ቀኑን ሙሉ ጆንያ ፊት ተቀምጣ ጠጠሩን ከቁንዶ በርበሬው፣ እንጨቱን ከቅርንፉዱ ስትለይ ትውልና ማታ ስትመለስ ገና ደጃፍ ሳትደርስ ሽታዋ ይቀድማት ነበር፤ እኔም ቀሚሷ ውስጥ ተወሽቄ «ዛሬ ሄል ነው፣ ዛሬ ቀረፋ ነው» እያልኩ እገምት ነበር። ሰውየው አማርኛው ወንድና ሴት የማይለይ፣ እናቴን «አንተ» እያለ የሚጠራት፣ ነገር ግን ደግ ሰው ነበር አሉ። የቅመሙን ጥቅም ሁሉ ያስተማራት እሱ ነው፤ ቅርንፉድ ለጥርስ ሕመም፣ ዝንጅብል ላቅለሸለሸው፣ ከሙን ለሆድ መነፋት፣ ቀረፋ ብርድ ለመታው። እርድን ግን ከሁሉ ያስበልጠው ነበር። ለቁስልም፣ ለእብጠትም፣ አቅም ላነሰውም ነው፤ ብቻውን ግን ሰነፍ ነው፣ ቁንዶ በርበሬ ካልነዳው፣ ቅቤ ካልተሸከመው ሰውነት ውስጥ አይዘልቅም ይላት ነበር። ጣሊያን ገብቶ እሱ አገር ለቆ ሲሄድ ከየዓይነቱ በትንንሽ ቆርቆሮ ሞልቶ ሰጣት፤ ከዚያ በኋላ የሰፈሩ ሐኪም እሷ ሆነች።

ከሁሉ አዘውትራ የምትመጣው እትዬ ጥሩነሽ ነበረች፤ የክርስትና እናቴ። ከእናቴ ጋር አበልጅ ከመሆናቸውም በፊት እህትማማች ይመስሉ ነበር፤ አንዷ ሳትቀምስ ሌላዋ ወጥ አታወጣም። የማተቤን ክር የፈተለችው እሷ ናት፤ ጸጉሬን የምትሠራኝ እሷ፣ እናቴ ስትቆጣኝ ሮጬ የምወሸቀው እሷ ጉያ ነው። «የኔ ማር» ነበር የምትለኝ። እውነቱን ልናገርና፣ ከእናቴ አብልጬ የምወዳት ቀን ብዙ ነበር። አንድ ልጇን ጣሊያኖቹ ለአርበኞች ስንቅ አቀብለሃል ብለው ካሰሩት ወራት አልፎ ነበርና እኛ ቤት መጥታ ስታለቅስ እናቴ በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን ትጠርግላት ነበር።

ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት የእናቴ ታናሽ ወንድም ጭኑን በጥይት ተመቶ፣ እየተጎተተ ከጫካ መጣ። እናቴ ጓዳ ውስጥ፣ ከእህል ጎታው ጀርባ፣ ጭድ ጎዝጉዛ አስተኛችው። ጆሮዬንም ይዛ «ትንፍሽ እንዳትዪ፤ ለማንም!» አለችኝ። ቁስሉን በእርድ ትነሰንስለት ነበርና ጨርቁም ጣቶቿም ቢጫ ሆነው ሰነበቱ። ቁስሉ ሲደርቅ እሱ ግን ከሳ፤ በሽሮና በቆሎ የሚያገግም አልሆነም፤ ትኩሳቱም አልለቀው አለ። በጾም የቅቤ ዕቃ በእጇ የማትነካው እናቴ ሁለት ቀን ስታስብ ቆየችና፣ በሦስተኛው ቀን ሰው ሁሉ ከቀትር በኋላ ለቅዳሴ ሲሄድ ጠብቃ፣ ለፋሲካ ያስቀመጠችውን ቅቤ አውጥታ በእርድና በቁንዶ በርበሬ አነጠረችው። በሩን በጋቢ ሸፈነችው። ግን የሚነጥር ቅቤ በጋቢ ይያዛል? እኔ እንኳ መጾም የጀመርኩት በዚያው ዓመት ነበርና ምራቄን እየዋጥኩ እግዚአብሔርን ይቅርታ እለምን ነበር።

አጎቴ ያን ለብ ያለ ቅቤ በጽዋ ሦስት ቀን ጠጣ። በአራተኛው ቀን ተነሥቶ ተቀመጠና የተነቀለውን ጥርሴን አይቶ «ይህን በር ማን ከፍቶት ሄደ?» ብሎ አሳቀኝ። እናቴ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ማየቴን አላስታውስም።

ያንኑ ዕለት ውኃ ቀድቼ ስመለስ እትዬ ጥሩነሽ ጠራችኝ። እንስራዬን አወረደችልኝ፣ ቆሎ ዘገነችልኝ፣ በጉልበቶቿ መካከል አስቀምጣ ጸጉሬን መሥራት ጀመረች።

«የኔ ማር፣ እናትሽ ታመመች እንዴ? በጾም ቅቤ አነጠረች አሉኝ።»

«አልታመመችም።»

«ታዲያ ለማን ነው? ከኔም ይደበቃል? እኔስ እናትሽ አይደለሁም?»

ነበረች እኮ። የክርስትና እናት እናት ናት፤ እናቴ «ለማንም» ስትል እሷን ጨምራ ነው ብሎ የሚያስብ ልጅ የት ይገኛል? «ለአጎቴ ነው፤ ከጎታው ጀርባ ነው ያለው» አልኳት። እጇ ጸጉሬ ውስጥ ለትንሽ ጊዜ ቆመ። ከዚያ ጉንጉኑን ቀጠለች፤ አንዱንም ሳታዛንፍ ጨረሰችና ግንባሬን ስማ ሰደደችኝ።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ባንዳ ሁለት ወታደሮች አስከትሎ መጣ። አልጋ አላነሱም፣ ቆጥ አላዩም፤ በቀጥታ ጓዳ ገብተው ጎታውን ገፉት። አጎቴን እግሩን እየጎተቱ ሲያወጡት እናቴ ነጠላዋን ጥላ እስከ ወንዙ ተከተለቻቸው። በሳምንቱ መሰቀሉን ሰማን። እናቴ ደረቷን እየደቃች «ቅቤዬ ነው ያስበላው! ሽታው ነው! ጾም ሽሬ እግዜር ቀጣኝ!» ትል ነበር፤ እትዬ ጥሩነሽም ከጎኗ ተቀምጣ «ተይ፣ ባንቺ አልተጀመረም» እያለች ታጽናናት ነበር።

በፋሲካ ማግስት የእትዬ ጥሩነሽ ልጅ ተፈታ። እናቴ ጥቁሯን እንደለበሰች እጄን ይዛ «እንኳን ደስ ያለሽ» ልትላት ሄደች። እትዬ ጥሩነሽ ሁለት ጉንጬን ሳመችና «የኔ ማር» አለችኝ፤ ዓይኗ ግን ከራሴ በላይ ግድግዳውን ነበር የሚያየው። ያን ጊዜ ገባኝ። በሰባት ዓመቴ የሸጠችኝን ሴት አወቅኳት፤ ከዚያ በኋላ በሕይወቴ ሰው «የኔ ማር» ሲለኝ ፊቴን አዞራለሁ። ለልጇ ብላ ነው ይባል ይሆናል። እናት ስለሆንኩ ይገባኛል፤ ይቅር ግን አላልኳትም።

እናቴ ቆርቆሮዎቿን አንድ በአንድ ወንዙ ላይ ገለበጠቻቸው። ጥርሱን ያመመው ቢመጣ «አላውቅም» ብላ መለሰችው። ጣሊያን ወጣ፣ ነፃነት መጣ፣ የየቤቱ ጓዳ እንደገና ቅመም ቅመም መሽተት ጀመረ፤ የእኛ ቤት ወጥ ግን ጨውና ሽንኩርት ብቻ ሆኖ ቀረ። አጎቴን አጣሁ፣ ሮጬ የምወሸቅበትን ጉያ አጣሁ፤ ከሁሉ ያስቆጨኝ ግን ቀሚሷን አሽትቼ የምለያት እናቴን ማጣቴ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሳሙናና የአመድ ሽታ ብቻ ነበራት።

እሷን እስክቀብር ሠላሳ ዓመት አብሬያት ኖሬያለሁ። ሽታ ሰው እንዳለ ይናገር ይሆናል እንጂ ከጎታው ጀርባ ነው አይልም፤ ይህን ለማለት ሠላሳ ዓመት ነበረኝ። ካልኳት ግን «ታዲያ ማን ተናገረ?» ትለኛለች። በመጨረሻዋ ሳምንት፣ አልጋዋ ጎን ተቀምጬ ውኃ ሳቀምሳት፣ እጄን ያዝ አድርጋ «ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ ያን ቀን ሽታው እስከ ደጅ ይወጣ ነበር?» አለችኝ።

«አዎ እማዬ፣ ይወጣ ነበር» አልኳት።