የሸሸ ጉልበት

ቃኘው ልጁ ያፊት ጠበቃ እንድትሆንለት ይመኝ ነበር። ምኞት ብቻ ቢሆን ደግ፤ በየሰርጉና በየለቅሶው «ጠበቃዋ ልጄ» ሲል ኖሯል። እሷ ግን የአውቶቡስ ሹፌር ሆነች። ሥራ የጀመረች ዕለት፣ እንደ ጎንደር ወግ መርቀኝ ብላ ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ ስትል፣ «ለዚህ ነው ያሳደግሁሽ?» ብሎ ጉልበቱን አሸሸባት። ከዚያ ወዲህ ምርቃት ጠይቃው አታውቅም።

ዛሬ እስራኤል ውስጥ ከሚኖርበት ሰፈር ከኪርያት ሀሻሮን ወደ ሐኪም ሲሄድ የደረሰለት አውቶቡስ የእሷ ሆነ። ማዕከላዊ ጣቢያው ሲደርሱ ወራጁ ሁሉ «ቶዳ» እያለ አመሰገናት። አንዲት የማያውቋት አሮጊት እንኳ እጇን ዘርግታ በዕብራይስጥ መረቀቻት። ቃኘው መግቢያ አጣ። ባዳ ያልነፈጋትን ምርቃት የነፈጋት እሱ፣ አባቷ ነው።

ሊወርድ ሲል ያፊት ከወንበሯ ተነሥታ እግሩ ሥር ዝቅ አለች። ጉልበቴን ልትስም ነው ብሎ ቀኝ እጁን በራሷ ላይ ዘረጋ፤ ምርቃቱ አፉ ላይ ደርሷል። እሷ ግን ቀና አለች።

«የጫማህ ክር ተፈቶ ነው አባ፤ እንዳይጥልህ» አለችና ወደ መሪዋ ተመለሰች።

ቃኘው የዘረጋውን እጁን ኪሱ ውስጥ ደበቀው።