ሄልሚ ጠርታለች

ሄልሚ ጠርታለች። ሦስት ጊዜ፣ በሙሉ ድምፅዋ ጠርታለች። «አልጠራችም» ብሎ የፈረደባት ዳኛ በሐሰት ፈርዷል፤ ይህንን ሳላስጽፍም ሆነ ሳልጽፍ መሞት አልፈልግም። ትምህርቴ እስከ አምስተኛ ክፍል ነው፤ አጻጻፌ ቢወላገድ እንኳ ነገሩ ቀጥ ያለ ነው።

ዛሬ ነገሩን ያስነሣብኝ ሽታ ነው። ዉድበሪ፣ ልጄ ቤት፣ የልብስ ቁም ሣጥን ሳጸዳ ከድሮ የበረዶ ጫማዬ ኋላ አንዲት ትንሽ ቆርቆሮ አገኘሁ፤ ክዳኗን በቢላ ጫፍ ፈልቀቅ ባደርገው ቅጥራን ሸተተኝ። ልጅ ሆኜ ወሎ ውስጥ እናቴ የጥጃ ቁስል ላይ የምትቀባው፣ ከእጅ ላይ በሳምንትም የማይለቅ፣ ያው ጥቁር ቅጥራን። ይህቺ ቆርቆሮ ግን ከፊንላንድ የመጣች የሄልሚ ናት፤ እነሱ አገር በበረዶ ላይ የሚንሸራተቱበትን የእንጨት ስኪ ሆዱን ቅጥራን ቀብተው፣ እንጨቱ እስኪጠጣው በእሳት ያሞቁታል።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ሚኒሶታ፣ ብሉሚንግተን ነበርን። ልጄ ኤርፖርት ይሠራል፤ እኔ ደግሞ ሆም ኬር ገብቼ፣ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ብርጭቆዎቿ የሚንጫጩ ትንሽ ቤት ውስጥ ሄልሚን እጠብቃለሁ። እሷ ሰባ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ታላቄ ናት፣ ግን የሁለታችንም እንግሊዝኛ ስብርብር ስለነበረ፣ እንግሊዝኛው ደግሞ አንቱታ ስለማያውቅ፣ አንቺ ሆና ቀረችብኝ። አጥባታለሁ፣ ሾርባ እሠራላታለሁ፣ የቀረውን ሰዓት መስኮቱ ሥር ተቀምጠን ማዶ ያለውን ፓርክ እናያለን። በረዶ ሲጥል አንድ መኪና መጥቶ ሁለት ቀጫጭን ፈር ያወጣል፤ ሰዎቹ በፈሩ ውስጥ በሁለት ዱላ እየተመረኮዙ ይንሸራተታሉ። ሄልሚ በጣቷ እያመለከተች «ይሄ ጉልበቱን አያጥፍም»፣ «ያቺ ዱላዋ ረዝሞባታል» ትላለች። የኔ ሥራ «አዎ» ማለት ነበር።

ወሬዋ ሁሉ ስኪ ነው። በሰባት ዓመቷ ትምህርት ቤት የምትሄደው በስኪ፣ ወተት የምታደርሰው በስኪ፤ በአሥራ አምስት የመንደሩን አሸነፈች፣ በሃያ ሁለት የአውራጃውን። ጉልበቷን ለማጠንከር ጫካ ገብታ እንጨት ትቆርጥ ነበር፤ ሌላ ማሰልጠኛ የላቸውም። በሃያ ሦስት ዓመቷ ለብሔራዊ ቡድን መምረጫው ውድድር ተጠራች። አራት ሴቶች ይመረጣሉ፤ ሄልሚ በሁለት ሴኮንድ ተቀድማ አምስተኛ ወጣች።

እንዴት እንደሆነ ሊገባኝ አንድ ሳምንት ፈጅቷል። ሯጮቹ አብረው አይነሡም፤ በየግማሽ ደቂቃው አንድ አንድ ሰው ይለቀቃል፣ አሸናፊው የሚታወቀው በሰዓት ነው። ስትነግረኝ ተቆጣሁ። ቀድሞ የገባው ተሸንፎ ኋላ የገባው የሚያሸንፍበት ይሄ ምን ዓይነት ዳኝነት ነው ብዬ ሾርባዋን ሳልሰጣት ብዙ ተከራከርኳት። በመጨረሻ የመድኃኒት ብልቃጦቿን ጠረጴዛው ላይ ደርድራ፣ አንዱን ለቃ፣ እየቆጠረች ሌላውን ለቃ አሳየችኝ። ሰማያዊው ብልቃጥ እሷ ናት። ከፊቷ ያለው ነጩ ብልቃጥ ኢርያ ናት፣ የጎረቤት መንደር ልጅ።

ሰማያዊው ነጩ ላይ ደረሰበት። ሕጋቸው ደግሞ እንዲህ ነው፦ ከኋላ የደረሰብህ ሰው «ላቱዋ!» ብሎ ከተጣራ፣ ፈሩን ልቀቅ ማለት ነው፤ ዘመድ ሁን ባላጋራ፣ ወጥተህ ታሳልፈዋለህ። ግራና ቀኙ ጥድ፣ በረዶው እስከ ጭን ነበር። ሄልሚ ጠራች። ኢርያ አልወጣችም። ደግማ ጠራች። ሦስተኛ ጠራች። ጫካው እስኪያልቅ ድረስ ከኋላዋ እየተከተለች ሄደች። ሁለት ሴኮንዱ እዚያ ቀረ።

አቤት አለች። ዳኛው የኢርያ አጎት ነው፤ «አልጠራሽም» አላት። ኢርያም «አልሰማሁም» አለች። ቢጠቅማት ኖሮ እንኳ በገባኝ፤ እሷም አልተመረጠችም! ከዚያ ወዲያ ሄልሚ «መንገድ መጠየቅ ያፈረችው ልጅ» ሆነች። የስኪ ክለቧ ለሚቀጥለው ክረምት ሌላ ሰው ላከ፤ እሷም ስኪዋን ሰቀለች፣ ባል አገባች፣ ሚኒሶታ መጥታ ጡረታ እስክትወጣ በሆቴል አንሶላ ስታጥብ ኖረች።

የሚያናድደኝ ቤቷ ውስጥም ይህ ቀልድ መሆኑ ነው። ልጇ እሁድ እሁድ ይመጣል፤ ትልቅ ሰው ነው፣ ሆዱም ትልቅ ነው። ከጓዳ ስትጠራው «ጮክ በይ እማ፣ አለዚያ አምስተኛ ትወጫለሽ!» ይላል፤ እሷም አብራው ትስቃለች። አንድ እሁድ ጭልፋውን ይዤ ወጣሁና «አንተ ነበርክ እዚያ?» አልኩት።

«ኧረ እትዬ፣ ሃምሳ ዓመት አለፈው።»

«ሃምሳ ዓመት ሙሉ ስታስቅባት ኖረሃላ።»

እሱ ጃኬቱን አንሥቶ ሄደ። ሄልሚም ተቆጣችኝ፤ ከዚያ ቀስ ብላ «አንዳንዴ እኔም ጠርቼ ይሁን አልጠራሁ እንጃ» አለችኝ። ይህ ነው ያቃጠለኝ። የራሷን ጉሮሮ እንኳ እንዳታምን አድርገዋታል።

በማግሥቱ የልጄ ልጅ ሀያት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጠብቄ፣ ሄልሚን በብርድ ልብስ ጠቅልለን፣ በተሽከርካሪ ወንበሯ ፓርኩ ዳር ወሰድናት። ሀያት በእንግሊዝኛ እያጉረመረመች ትገፋለች። ሄልሚን ጥሪ አልኳት። «አብደሻል» አለችኝ። ጥሪ! አንድ ጺማም ግዙፍ ሰውዬ ጀርባውን ሰጥቶን በፈሩ ሲሄድ፣ ሄልሚ ወንበሩን ጨብጣ ቀና አለችና «ላቱዋ!» አለች። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ድምፅ ከአሮጊት ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ሰውዬው ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ፣ ቃሉን ይወቀው አይወቀው እንጃ፣ ዘልሎ ከፈሩ ወጣና በረዶው ውስጥ ተዘረጋ። ሀያት «ኦ ማይ ጋድ! እማማ፣ ሮጥ በይ!» ትላለች። እኔ የምሮጥ ሴት ነኝ? ሄልሚ እስክታለቅስ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቁ ሄዶ ልቅሶው ብቻ ቀረ።

ኢርያ በሕይወት ነበረች። በየዓመቱ የገና ካርድ ይላላኩ ነበር፤ ስለ አየሩና ስለ ጉልበት ሕመም። ያን ሁሉ ዓመት አንዷም ስለዚያ ጫካ አላነሣችም። እኔ ግን ሄልሚን ሳላስፈቅድ፣ አድራሻውን ከካርዱ ላይ ወስጄ፣ ሀያትን አስቀምጬ አንድ ጥያቄ ብቻ አስጻፍኳት፦ ሰምተሻት ነበር ወይ? ሀያት «ፕሊዝ» ልጨምር ብትለኝ አልፈቀድኩላትም።

ሄልሚ ከሞተች ስንት ክረምት ሆነ። ልጇ ስኪዎቿን ለምግብ ቤት ግድግዳ ማስጌጫ ሰጣቸው፤ ቤቱ ተሽጦ ገዥዎቹ መስኮቱን ደፈኑት፤ ሀያት አፕል ቫሊ ትኖራለች፣ የሄልሚን ስም ለማስታወስ ትንሽ ታስባለች። ከዕቃዋ የቀረው ይህቺ ቆርቆሮ ናት፤ እሷም ሥሯ ደርቋል። በዚህ ዓለም ሄልሚ እንደጠራች ዛሬም የማስታውስ እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔም ሰባውን አልፌአለሁ።

የኢርያ መልስ የመጣው በዚያው ክረምት በረዶው ሳይቀልጥ ነው፤ በእንግሊዝኛ አስጽፋ ነው የላከችው። ሀያት ጫማዋን ሳታወልቅ፣ የሄልሚ ቤት በር ላይ ቆማ አነበበችው። ሄልሚ ድገሚው አለቻት፤ ደገመችላት። ከዚያ ወረቀቱን ተቀብላ አራት ቦታ አጠፈችና ለእኔ ሰጠችኝ፤ ዳግመኛ ለኢርያ ካርድ አልላከችም። ደብዳቤው ስለ አየሩ አንድ መስመር፣ ስለ ጉልበት አንድ መስመር ነበረው። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦

«ሰምቻት ነበር። ሦስቱንም ጊዜ። ያልወጣሁት ዞራ ታልፈኛለች ብዬ ነው።»