የቡላቅ ሕፃናት ጥርስ

ባለሙያ ስለሆነ ኡስታ የምንለው ሸለቢ ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። ማለዳ ፀጉር ቤቱን ይከፍታል፤ እስከ ቀትር ራስና ጢም ይላጫል፤ ቀትር ላይ ፉሉን በሽንኩርት ይበላል፤ ከምሳ በኋላ በካይሮ ወደብ ሰፈራችን በቡላቅ የሞተ ሰው ካለ ሄዶ በምን እንደሞተ ይናገራል።

ይህን ሁለተኛ ሥራ የሰጠው መንግሥት ነው። ሐኪም በማይደርስበት ሰፈር፣ ፈቃድ ያለው ፀጉር ቆራጭ ምክንያቱን ሳይናገር ሬሳ አይቀበርም። እንግሊዞች ካይሮ ከገቡ ወዲህ ደንቡ ጠብቋል፤ ሹመቱን የሚያገኙት ሰዎች ግን ያው የድሮዎቹ ናቸው። ሸለቢን ለዚህ ያበቃው ትምህርት ጥቂት ሳምንታት በሆስፒታል አግዳሚ ወንበር ላይ ማንቀላፋት ብቻ ነበር። ሲመለስ ደረቱ ላይ የነሐስ ምልክት ለጠፈ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሚስቱ ሳትቀር "ሐኪሙ" እንድትለው ይፈልጋል።

ዕውቀቱ በሦስት ቃላት ያልቃል። ሽማግሌ ከሞተ እርጅና ነው፤ ጎልማሳ ከሞተ ትኩሳት ነው፤ ሕፃን ከሞተ ጥርስ ነው። ይህን ለመወሰን ሬሳ መግለጥ አያሻውም። ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ የሟቹን ዕድሜ ይጠይቃል።

ሰፈራችንም ይህን ፍርድ ወዶታል። ጥርስ የማንም ጥፋት አይደለም። ተቅማጥ ነው ከተባለ ግን የጤና ጽሕፈት ቤቱ ሰዎች መጥተው ፍራሹን አደባባይ ላይ ያቃጥላሉ፣ ግድግዳውን ኖራ ይረጫሉ፣ የሴቶቹን ሣጥን ይበረብራሉ። ስለዚህ እናቶች ልጆቻቸውን በጥርስ ስም ይቀብራሉ። ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ የተላከለትን ይደምራል። በሙቀቱ ወራት ከእኛ ሰፈር የሚሞተው ሕፃን ፈረንጆቹ ከሰፈሩበት ከሚሞተው ስንት እጥፍ እንደሆነ አሳምሮ ያውቃል። ከዚህ ሁሉ ድምር የተገኘው ጥበብ አንድ ማስታወቂያ ነው፤ የአገሬው ሕፃናት ጥርስ በተፈጥሮው ክፉ መሆኑን ይገልጻል። ባሕር ማዶ ተምረው የመጡ ሰዎች ፈርመውበታል።

የወደብ ተሸካሚው የመትዋሊ ሚስት በሲማ ሦስት ልጆች በጥርስ ቀብራለች። የመጀመሪያው ሲሞት ገና የአራት ወር ልጅ ነበር።

"ኡስታ፣ ይሄ ልጅ እኮ አንድም ጥርስ አላወጣም" ብላው ነበር ያን ጊዜ።

"እሱ አይደል የገደለው፣ ልጄ! የምትገድለው ጥርስ አልወጣም ብላ ውስጥ የቀረችው ናት። የወጣችማ ምን ታደርጋለች?"

በዙሪያው የቆሙት ወንዶች በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ።

አራተኛው ልጇ ሳቢር ይባላል። ጡቷ ስለደረቀ ከአቡ ደሺሽ ወተት ትገዛለታለች። አቡ ደሺሽ የሸለቢ እህት ባል ነው፤ ወተቱን ከቦዩ በሚቀዳ ውሃ እንደሚያበዛው የማያውቅ የለም። ሰፈሩ ግን ይህን የሚቆጥረው እንደ ነጋዴ ሌብነት ነው፤ ይሳደባሉ፣ ይስቃሉ፣ ይገዛሉ።

በዚህ ሳምንት ሰኞ ሳቢርን ተቅማጥ ያዘው። በማግስቱ ዓይኑ ጎደጎደ፣ ልቅሶው እንደ ድመት ግልገል ድምፅ ቀጠነ። በሲማ ልጇን ታቅፋ ተቀምጣ ሳለ ሸለቢ ምላጩን ይዞ ደረሰ። የጥርስ መድኃኒቱ ድድ መሰንጠቅ ነው።

"በይ አፉን ያዥልኝ።"

ይህን ሲል ግድግዳ ከሚዋሰነው ከራሱ ቤት ጣሪያ ላይ ፍየል ጮኸች። ልብስ አጣቢዋ ዘኑባ በር ላይ ቆማ ነበር።

"ኡስታ! ፍየል መቼ ገዙ ደግሞ?"

"ለዒድ ናት።"

"ጡቷ መሬት ሊነካ የደረሰ ፍየል ለዒድ? ጉድ ነው! ቆይ፣ የልጅ ልጅዎን ባለፈው ሳምንት እንዲህ አድርጓት አልነበር? የእሷንስ ድድ ሰነጠቁት?"

"አንቺ ልብስሽን እጠቢ።"

በሲማ ቀና አለች። "ልጅቷ የማንን ወተት ነው የምትጠጣው?"

"የሴት ጣጣ አታምጪብኝ፤ አፉን ያዥ ብያለሁ።"

"አልይዝም! አውቀህ ነው። ሦስቱንም ስታስቀብረኝ ታውቅ ነበር፣ አንተ ሰው!"

ሸለቢ ወደ በሩ ተገላምጦ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እሺ፣ አትጩኺ። ጠዋትና ማታ ከፍየሏ አንድ ኩባያ ትወስጃለሽ። አፍልተሽ ስጪው። ነገሩ ግን ከዚህ ክፍል እንዳይወጣ፤ አቡ ደሺሽ አማቼ ነው።"

አፍልተሽ አላት። ያን ሁሉ ዓመት ከየደጃፉ ጥርስ ሲል የኖረው ሰው ይህን ቃል ያውቀው ነበር፤ የገዛ ቤቱ ውስጥም ይሠራበት ነበር። ሳይማር ቀርቶ የተሳሳተ ሰው ይታዘንለታል። ይህ ግን ዕውቀቱን እንደ ፍየሏ ጣሪያ ላይ አስሮ ለብቻው ያለበ ነው።

በሲማ ወተቱን ወሰደች፤ ዝም ግን አላለችም። ረቡዕ ጠዋት የቧንቧው ሰልፍ ላይ ያልሰማ አልነበረም። ከቀትር በፊት በአቡ ደሺሽ ደጅ ገዢ ያጣው ወተት በየገንቦው ረጋ። ሰውየው ቀሚሱን ሰብስቦ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ዘው አለ።

"አማች ነህ ጠላት? በአንተ ፍየል የተነሳ ገበያዬ ሞተ!"

ግማሽ ፊቱ አረፋ የለበሰ ደንበኛ ከወንበሩ ሳይነሳ፣ "በምን ሞተ? በጥርስ ነው?" አለው።

ሳቁ መንገድ ድረስ ተሰማ። ሸለቢ አልሳቀም። ምላጩን መሳያው ቆዳ ላይ ይፈትግ ነበር።

ሐሙስ ሳቢር የጠጣው ሆዱ ውስጥ ቆየለት፤ ማታ በሙሉ ድምፁ አለቀሰ። በሲማም አብራው አለቀሰች፤ ዘኑባ ሁለቱንም ሰደበች።

ሸለቢ ዓርብ ፀጉር ቤቱን ዘግቶ ዋለ። ተጸጽቶ ነው ያሉ ነበሩ። ነገ ጽሕፈት ቤቱ ሄዶ ወተቱን ነው፣ ቦዩን ነው ይላል ብለው የጠበቁም ነበሩ፤ ሰው የሚንቀውን እንኳ ተስፋ ያደርግበታል። እኔ አልጠበቅሁም።

ቅዳሜ ልብስ ቀለም የሚነክረው ሰው ልጅ ሞተች። እናቷ እስከ ማክሰኞ ድረስ ከአቡ ደሺሽ ወተት ትገዛላት ነበር። ሸለቢ ሲመጣ ሴቶቹ ከሁለቱም ወገን ተደርድረው ጠበቁት። ዕድሜዋን ጠየቀ፤ ስድስት ወር አሉት። የሳቁበትን ቃል ዳግመኛ ላለመናገር ዓርብ ቤቱ ውስጥ ወስኗል።

"ሙቀት ነው" አለና ሄደ።