በኡኬ ገበያ የተቀደደችው ብር

ይህ የሆነው ጃንሆይ በዙፋናቸው ሳሉ፣ እኔና ባለቤቴ በተጋባን ዓመት ነው። አሁን ብዙ ነገር እየረሳሁ ነው። ያን ቀን ግን አልረሳሁም፤ ባለቤቴ ገመቹ ካረፈ ወዲህ ጭራሽ እየቀረበኝ መጣ። ይህንንም በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያልኩ ነው የጻፍኩት።

ገመቹ የነቀምት ልጅ ነው። በልጅነቱ ከሚስዮን ትምህርት ቤት ተመርጦ ባሕር ማዶ ሄደ፤ በፋይናንስ የዶክተርነት ማዕረግ ይዞ ተመለሰ። ለማዕረጉ ያጠናው ስለ ወረቀት ገንዘብ ነበር። አዲስ አበባ፣ የአገሩን ኖት የሚያወጣው ባንክ ውስጥ ተቀጠረ። ልቡ ግን አልረጋም። ዩኒቨርሲቲው እንዲያስተምር ጠይቆት ስለ ነበር፣ "ከወለጋ ስመለስ እወስናለሁ" ይለኝ ነበር።

ወለጋ የላከው ባንኩ ነው። ገበሬው የቡናውን ብር በገንቦ እየቀበረ ምስጥ ይበላበታል የሚል ወሬ ስለ ደረሳቸው፣ "አገርህ ነው፣ ሄደህ እይ" አሉት። እኔም የባሌን አገር ልይ ብዬ ተከተልኩት። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ ያኔ ከሰላምታ በቀር ኦሮምኛ አላውቅም።

ከነቀምት ወደ ጊዳ በጭነት መኪና ስንሄድ ሾፌሩ ኡኬ ላይ ለምሳ አቆመ። የገበያ ቀን ነበር። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነውና ሜዳው ጭቃ ነው። ገመቹ ሻንጣችንን መኪናው ላይ ትቶ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ በሻጮቹ መሀል ይዞር ጀመር።

አንዲት አሮጊት ጨው ሻጩ ፊት ቆመው ይለምኑታል። በእጃቸው የያዟት ብር አፈር መስላለች፤ ጠርዟን ምስጥ በልቶታል። ሻጩ የጉራጌ ሰው ነው፣ ቀልደኛ ቢጤ።

"አዴ፣ ይቺ እኮ ሞታለች!" አላቸው። "እኔ የምሸጠው ጨው ነው፣ መቃብር አይደለም።"

ሰው ሳቀ። አሮጊቷ አልሳቁም።

ገመቹ "ሃርሜ" ብሎ ጠራቸው፤ "እናቴ" ማለት ነው። ብሯን ተቀብሎ ወደ ፀሐይ አነሣትና አገላብጦ አያት። ከኪሱ አዲስ ብር አውጥቶ ሰጣቸው። እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ባንክ ቤት ግን የተተካ ኖት ወደ ሰው እጅ እንዳይመለስ ይቀደዳል። እሱም እጁ እንደ ለመደው አሮጌዋን ብር ከመሀል ቀደዳት። የጃንሆይ መልክ ያለበት ግማሽ ከእጁ አምልጦ ጭቃው ላይ ወደቀ። እህል የጫነ አህያ ረግጦት አለፈ።

ሳቁ ቀጥ አለ።

በዚያው ቅጽበት የመኪናው ጥሩምባ ተነፋ። ገመቹ "ነይ፣ ጥሎን ሊሄድ ነው" ብሎኝ ፊቱን አዞረና መራመድ ጀመረ።

"በጃንሆይ አምላክ! ቁም!"

ዞር ስል አንድ ነጭ ለባሽ፣ ማለት የአገሩ ታጣቂ፣ ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዷል። አባቴ የችሎት ጸሐፊ ስለ ነበሩ ያ ቃል ምን እንደሆነ ከልጅነቴ አውቃለሁ። በንጉሥ ስም ቁም የተባለ ሰው ጥፋት ይኑረው አይኑረው ባለበት ይቆማል። የማይቆም አመፀኛ ነው፤ ቢመታ ጠያቂ የለውም። ገመቹ ግን ከዚህ ልማድ ርቆ ነው ያደገው። የገበያ ጩኸት መስሎት መንገዱን ቀጠለ።

"በጃንሆይ አምላክ ብያለሁ!"

የጠመንጃው መቀባበል ተሰማኝ። ገመቹ ብዬ ልጣራ አፌን ከፈትኩ። ድምፅ የለም። የባሌ ባርኔጣ ከሰው ራስ በላይ ከፍ ዝቅ እያለ ሲርቅ አያለሁ፤ አፈሙዙም አብሮት ሲሄድ አያለሁ።

ያኔ አሮጊቷ ጎንበስ ብለው ከመንገዱ ዳር እርጥብ ሣር ነጩ። በሁለት እጃቸው ይዘው አፈሙዙ ፊት ቆሙ።

"ማሎ፣ ጎፍታ! ማሎ!"

እባክህ ጌታዬ ማለታቸው ነው። በዚያ አገር እርጥብ ሣር ይዞ የለመነን ሰው ገፍቶ ማለፍ ነውር ነው። ነጭ ለባሹ ተሳደበ፤ ግን አፈሙዙን ዝቅ አደረገ። ገመቹ ዘወር ያለው ያኔ ነው። ያቆመው ጩኸቱ አይደለም፣ የገበያው ዝምታ ነው። ፊቱ ሲለወጥ እያየሁ ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ።

ነጭ ለባሹ የኩታውን ጫፍ ከገመቹ ኮት ጋር ቋጠረው። ከሳሽና ተከሳሽ እንዲህ ታስረው ነው ዳኛ ፊት የሚሄዱት። መኪናው ሻንጣችንን ይዞ ሄደ።

የአጥቢያው ዳኛ ዋርካ ሥር ተቀምጠው ነበር።

"ማን ቅደድ አለህ?"

"ሥራዬ ነው ጌታዬ። ዶክተር ገመቹ እባላለሁ፣ ከባንክ ነኝ። ያረጀውን ቀደን አዲስ እንተካለን።"

"ዶክተር ነኝም ይላል!" አለ ነጭ ለባሹ። "የታለ መርፌው?"

ሰው ሳቀ። ዳኛው አልሳቁም። "የቀረብህ ክስ ንጉሥ መድፈር ነው። እኔ አልፈርድብህም፤ ከዋስህ ጋር ነገ ነቀምት ትቀርባለህ። ዋስ ጥራ። ከሌለህ እንደ ታሰርክ በእግርህ ትሄዳለህ።"

ገመቹ ዙሪያውን ተመለከተ። በተወለደበት አገር አንድ የሚያውቀው ፊት አልነበረም። እኔ ሚስቱ ነኝና ዋስ አልሆንም። መንገድ ላይ ምን ያደርጉት ይሆን እያልኩ የኮቱን እጅጌ ያዝኩ።

"ዋቢን ኢሳ አና" አሉ አሮጊቷ። ዋሱ እኔ ነኝ።

"በምንሽ?" አሏቸው ዳኛው።

ከመቀነታቸው አዲሷን ብር ፈትተው ዳኛው ፊት አስቀመጡ። የተናገሩትን ገመቹ በኋላ ነው የነገረኝ። "የሞተ ሰጠሁት፣ ሕያው ሰጠኝ። ሌባ ከሆነ የሰረቀው ምንድን ነው?" ነበር ያሉት።

ዳኛው ብሯን አነሡ። ከዚያ ጨው ሻጩን አስጠሩት። "ይህችን ብር ትቀበላለህ?"

ጨው ሻጩ ቀልዱ ጠፍቶታል። "እቀበላለሁ ጌታዬ።"

"እንግዲያ የጃንሆይ መልክ ቦታ ለወጠ እንጂ አልተደፈረም" አሉ። "ነገር ግን ጭቃ ላይ አይቀርም።"

ክሱ ቀረ፤ ቋጠሮው ተፈታ። ያን ግማሽ ወረቀት ከጭቃው ፈልጌ በነጠላዬ ጠረግሁት። ዳኛው በገመቹ እጅ ከቀረው ጋር ሁለቱን ቁራጭ በምስክር ፊት አቃጠሉት። አሮጊቷ ጨዋቸውን ይዘው ሄዱ፤ ስማቸውን ለመጠየቅ እንኳ አልታሰበንም።

ሌላ መኪና ስንጠብቅ ገመቹ እጄን ያዘ። ኋላ "ባንኩ ነበር ለእኚያ እናት ዋስ መሆን ያለበት" አለኝ። "እሳቸው ለባንኩ ዋስ ሆኑ።" ዩኒቨርሲቲውን ዳግም አላነሣም። ጡረታ እስኪወጣ እዚያው ባንክ ሠራ።

ባለፈው ዓመት ሆስፒታል ሳለን ትንፋሹ እየራቀ ሲሄድ፣ ወደ ግቢው ወጥቼ እርጥብ ሣር ነጨሁ። ነርሷ "እማማ፣ ሣሩ ምን ያደርግልዎታል?" አለችኝ። በሁለት እጄ ይዤ ከራስጌው ቆምኩ። ይህን ጊዜ ድምፄ አልከዳኝም። "ገመቹ፣ ቁም" አልኩት፤ በማውቀው ቅዱስ ስም ሁሉ ለመንኩ።

የመጣው ግን ሣር አላከበረም።

አሁንም ገበያ ውስጥ ሰው ከኋላዬ ሲጮህ እደነግጣለሁ፤ ባለሁበት ቀጥ ብዬ እቆማለሁ። የሚያልፉኝ ያረጀች ሴት ደክሟት የቆመች ይመስላቸዋል። እኔ ግን ያን ባርኔጣ ነው የምፈልገው።