ዋስ የሆነው ወረቀት

ዓርብ፣ ከጎንደር ወደ ሸሕዲ

ከጎንደር መነኻሪያ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስነሣ ቦርሳዬ ውስጥ ቅያሪ ሸሚዝና ውኃ ብቻ ነበር። የምሄደው ሽንፋ ነው፤ በገዛ ፊርማዬ የሰጠሁትን ወረቀት ለማስመለስ።

ሥራዬ ሚስቶቻቸውን ከሚደበድቡ ወንዶች ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር ነው። ባለፈው በጋ ሽንፋ ላይ ዐሥር ሳምንት ካወያየኋቸው መካከል መኳንንት የሚባል ሰሊጥ አምራች አለ። አንድም ቀን አልቀረም። መጨረሻ ላይ እንደ ወጉ ለሁሉም የምስክር ወረቀት ከነማኅተሙ አደልሁ። ረቡዕ ዕለት የሚስቱ የእናንዬ እኅት ቁጥሬን ሽማግሌዎቹ ካሳዩአት ወረቀት ግርጌ አግኝታ ደወለችልኝ። እናንዬ ከቤቷ ወጥታ ሸሕዲ እኅቷ ዘንድ ተጠግታለች።

«ሽማግሌዎቹ ያንተን ወረቀት አይተው ተስማሙ። እሑድ ወደ ባሏ ሊወስዷት ነው። ፈርታለች፤ እንቅልፍ የላትም» አለችኝ።

ከአይከል በኋላ መንገዱ ቁልቁል ይወርዳል፣ ሙቀቱ ደግሞ ሽቅብ ይወጣል። ሦስት ቦታ ወርደን ተፈተሽን። አንዱ ፈታሽ «ለምን ጉዳይ ነው?» ሲለኝ «ለሽምግልና» አልሁት፤ እውነቱን ለማስረዳት ጉልበት አልነበረኝም። ሸሕዲ ስንደርስ ከደጋ የወረዱ የቀን ሠራተኞች ማጭዳቸውን ይዘው የመንገዱን ዳር ሞልተውታል። ፉል በደረቅ ዳቦ በልቼ ተኛሁ። የአልጋ ክፍሉ ማራገቢያ ጌጥ ነው፣ አይዞርም።

ቅዳሜ፣ ሽንፋ

ሠራተኛ በጫነ አይሱዙ ላይ ተጣብቤ ረፋድ ላይ ደረስሁ። ሰሊጡ በየማሳው ገሚሱ ታጭዶ ነዶው ቆሟል። ሽማግሌዎቹ የሚሰበሰቡት ከእነሱው አንዱ በሆኑት በሐጂ ኑርሁሴን ሱቅ ነው። ሐጂ ወረቀቱን ከመሳቢያ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። በላስቲክ ሸፍነውታል።

«ይህን መልሱልኝ» አልኋቸው። «የተሰጠው በስህተት ነው፤ ስህተቱም የእኔ ነው።»

«እንዴት ይሆናል ልጄ? እኛ ስናስታርቅ ባል ዋስ ይጠራል። መኳንንት ዋስ አጣ። ወንድሙም እምቢ አለው፣ ጎረቤቱም። ዋስ አምጣ ብንለው ይህንን አመጣ። ማኅተም አለበት፣ አንተ ፈርመህበታል። ዋሱ አንተ ነህ ብለን ነው የተቀበልነው።»

«ወረቀቱ እኮ መምጣቱን ነው የሚናገረው፤ ዱላ መተዉን አይናገርም።»

ሐጂ ትክ ብለው አዩኝ። «እሱንማ እናውቃለን። እጇን የሰበራት አንተ እያስተማርኸው ሳለ ነው። አገር ያውቃል። አንተ አታውቅም ነበር?»

አላውቅም ነበር። አፈርሁ፤ የምገባበት ጠፋኝ።

መኳንንት ከማሳው ተጠርቶ መጣ። ሸሚዙ በላብ ርሷል። ነገሩን ሲሰማ ቆመ እንጂ አልተቀመጠም።

«መምህር፣ አንድ ቀን ቀርቻለሁ?»

«አልቀረህም።»

«ታዲያ ለምን አስተማርኸኝ?»

«ዱላውን እንድትተው።»

«ተውሁ ብልህስ?»

«ለእኔ ብትነግረኝ ምን ያደርጋል? መተውህን የምታውቀው አብራህ የኖረችው ናት።»

«ሃያ ሠራተኛ ማሳ ላይ አለኝ። እንጀራውን ማን ይጋግርልኝ?»

ይኸው ነው እንግዲህ፤ የእሑዱ እርቅ ለአጨዳው ኖሯል። ሐጂም ገባቸው መሰለኝ፤ ወረቀቱን በጣታቸው ወደ እኔ ገፉት። «ዋስ ከሌለ እሑድ የለም» አሉት። «ጋጋሪ ቅጠር።»

ለመኳንንት ከአጨዳ በኋላ ውይይቱን እንደምጀምርና ዳግመኛ ወረቀት እንደማልሰጥ ነገርሁት። ይመጣ እንደሆነ ጠየቅሁት። ወደ ማሳው ተመለሰ። እንደሚመጣ እርግጠኛ አይደለሁም።

እሑድ፣ ሸሕዲ እና ጎንደር

ወደ ጎንደር ከመሳፈሬ በፊት እኅትየው ቤት ጎራ አልሁ። እናንዬ ደጃፉ ላይ በግራ እጇ ምስር ትለቅማለች፤ ቀኙ አልቀና ብሏታል። ሽማግሌዎቹ እንደማይመጡ ስነግራት ደስታ አላሳየችም። ትሪውን አስቀመጠችና «እስቲ አሳየኝ» አለች።

ማንበብ አትችልም። ወረቀቱን በጉልበቷ ዘርግታ ጣቷን አሳረፈችበት።

«ይኼ?»

«የመኳንንት ስም።»

«ይኼስ?»

«የእኔ ፊርማ።»

«የእኔ ስም የቱ ጋ ነው?»

«የለም።»

«እኔን የሚመልሰኝ ይኼ አልነበር?» አለች። አጥፋ መለሰችልኝና ምስሯን ቀጠለች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ጎንደር ገባሁ። እግሬ አብጧል። ባለቤቴ ውኃ ስታሞቅልኝ የስም መቆጣጠሪያ ደብተሬን አውጥቼ አየሁት። በመኳንንት ስም ፊት ዐሥር ምልክት አለ፤ መጣ፣ መጣ፣ መጣ። እጇ የተሰበረበት ሳምንት የትኛው እንደሆነ ከደብተሩ መለየት አልቻልሁም። በዐሥሩም ሳምንት እናንዬ ደኅና አድራ እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም።